ያጠፋው ባለቤቱ፣ ያተረፈው ተመልካቹ፦ የ«ዶክተር ሁ» የጠፉ ክፍሎች ታሪክ

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ትንሽ ወጣ እንበል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓመታት በፊት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በተባባሪነት ስሠራ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ስልክ ቤት ያገለገሉ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። በየሳምንቱ እየተከፈለ ሦስት ጊዜ ተላልፏል። በእጃቸው ገመድ እየሰኩ ሰው ከሰው ሲያገናኙ የሰሙትን፣ የታዘቡትን፣ የሳቁበትን እያነሱ አጫወቱኝ። አምና እኒያ እናት አረፉ። ልጃቸው ደወለችልኝና «ለአርባቸው ድምፃቸውን ለዘመድ ልናሰማ ነበር፤ እባክህ ፕሮግራሙን ፈልግልን» አለችኝ።

እኔ ዘንድ የነበረው ቅጂ ከተሰረቀ ላፕቶፕ ጋር ሄዷል። ጣቢያው ሄጄ ጠየቅሁ። የቴክኒክ ክፍሉ ልጅ ሰው አክባሪ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለገልኝ። መጨረሻ ላይ ግን «ወንድሜ፣ ዲስኩ ሲሞላ የድሮውን እናጠፋለን። ማን ይፈልገዋል ብለን ነው» አለኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ይህችው «ማን ይፈልገዋል» የምትል ቃል የዓለምን ትልቅ የሚባል የቴሌቪዥን ድርጅት ምን እንዳሳጣችው የሚናገር ታሪክ ትዝ አለኝ። እሱን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ማታ

ህዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ቅዳሜ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ ገና አንድ ቀን ነው። ዓለም በሙሉ ጆሮው ዳላስ ላይ ነው። በዚያ ምሽት ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለ አዲስ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ያን ዕለት ልብ ያለው ሰው ስላልነበረ በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍል ከመቅረቡ በፊት የመጀመሪያው እንደገና እንዲታይ ተደረገ።

ድራማው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ስሙ የማይታወቅ አንድ ሽማግሌ፣ ከውጭ ሲያዩት የመንገድ ዳር የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ከውስጡ ግን እጅግ ሰፊ በሆነ መንኮራኩር ዘመንን እያቋረጠ ይጓዛል። አንድ ጊዜ ወደ ማርኮ ፖሎ ዘመን፣ አንድ ጊዜ ወደ መስቀል ጦርነት፣ ሌላ ጊዜ ወደማይታወቅ ፕላኔት። ሐሳቡን ያመነጨው የቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ገና 28 ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው ዋሪስ ሁሴን ህንድ የተወለደ ወጣት ነው። በዚያ ዘመን ቢቢሲ አንዲት ወጣት ሴት፣ አንድ የውጭ ዜጋና አንድ የህንድ ተወላጅ ይህን የመሰለ ሥራ በእጃቸው መያዛቸው ራሱ ዜና ነው።

ኒውማን «ዐይኑ ያፈጠጠ ጭራቅ አላይም» ብሎ ነበር ይባላል። ነገር ግን ተመልካቹን የማረከው ጭራቁ ሆነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዳሌክ የሚባሉ፣ በብረት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉ፣ ከእነሱ ሌላ ፍጥረት ሁሉ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ባዕዳን ብቅ አሉ። የእንግሊዝ ልጆች ሶፋ ጀርባ ተደብቀው የሚያዩት ድራማ ተወለደ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 18 ዓመቱ ነበርና ወላጆቻቸው ዳሌኮችን ሲያዩ ማን ትዝ እንደሚላቸው መገመት አያዳግትም።

በ1966 ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ታወከ። አዘጋጆቹ ድራማውን ከመዝጋት ይልቅ ድንቅ ዘዴ ዘየዱ፤ ዶክተሩ ሰውነቱ ሲደክም አካሉን ቀይሮ ሌላ ሰው ይሆናል አሉ። ሃርትኔል ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ፊቱ በብርሃን ተዋጠ፣ ፓትሪክ ትራውተን ሆኖ ተነሣ። ድራማው እስከዛሬ የዘለቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ይህ ለድራማው የሕይወቱ ቁልፍ የሆነ ትዕይንት የሚገኝበት ክፍል ዛሬ የለም። ያቺን ቅጽበት ማየት የምንችለው «ብሉ ፒተር» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በ1973 ቆርጦ ስላሳያት ብቻ ነው። የቀረው ክፍል ጠፍቷል።

ጠላት የሌለው ጥፋት

ድራማው ከ1963 እስከ 1969 ድረስ በነበሩት ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ተላልፈዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቢቢሲ መደርደሪያውን ሲቆጥር ብዙዎቹ አልነበሩም። ቤት አልተቃጠለም፣ ጦርነት አልነበረም፣ ሌባም አልገባም። ያጠፋው ራሱ ቢቢሲ ነው፤ በሥርዓት፣ በደብዳቤ፣ በፊርማ።

ለምን? ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ብታዩአቸው ሁሉም ያሳምናሉ።

አንደኛ፣ የዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ትልቅና ውድ ዕቃ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ አጥፍተው እንደገና ሊቀዱበት መቻላቸው ነው። ለመሐንዲሱ ቴፕ ማለት እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የትናንቱ ትምህርት ካልተጠረገ የዛሬው አይጻፍበትም።

ሁለተኛ፣ ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ውል ድራማን ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ተዋንያኑ የፈሩት ቴሌቪዥኑ የድሮውን እየደጋገመ እነሱን ሥራ እንዳያሳጣቸው ነው። ፍርሃታቸው የእንጀራ ጉዳይ ነውና አይፈረድባቸውም። ሊታይ የማይችል ቴፕ ግን ለድርጅቱ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፣ ቀለም መጣ። በ1967 ቢቢሲ 2፣ በ1969 መጨረሻ ቢቢሲ 1 በቀለም ማሰራጨት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጥቁርና ነጭ ድራማ ማን ያያል ተባለ።

አራተኛውና ዋነኛው ግን ይህ ነው። ቢቢሲ ድራማውን ለውጭ አገር ጣቢያዎች የሚሸጠው ከቴፕ ወደ 16 ሚሊሜትር ፊልም ገልብጦ ነበር። ፊልም በየትኛውም አገር ማሽን ይሠራልና። ስለዚህ ቴፑን የያዘው የቴክኒክ ክፍል «ፊልሙ ሽያጭ ክፍል አለ» ብሎ ቴፑን አጠፋ። ሽያጭ ክፍሉ በ1970ዎቹ የሽያጭ ፈቃዱ ሲያበቃና ቦታ ሲጠበው «ዋናው እነሱ ጋ አለ» ብሎ ፊልሙን ጣለ። የፊልም ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ሥራው በፊልም የተቀረጸውን ማስቀመጥ ነበር እንጂ በቴፕ የተሠራ ድራማ ኃላፊነቱ አልነበረም። ሦስቱም ክፍሎች ሌላው ይዞታል ብለው አመኑ። ማንም አልያዘውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚህ ታሪክ ክፉ ሰው የለም። አንድም ሠራተኛ «ይህን ቅርስ ላጥፋ» ብሎ አልተነሣም። ሁሉም ሥራውን በአግባቡ ሠራ፤ ውጤቱ ግን ጥፋት ሆነ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለውን አባባል በቢሮ አሠራር ልታዩት ከፈለጋችሁ ይኸው።

ደግሞ የጠፋው ይህ ድራማ ብቻ አይደለም። በ1953 አገር ያስደመመው «የኳተርማስ ሙከራ» የተባለው ሳይንሳዊ ድራማ ስድስት ክፍሎች ነበሩት፤ ወደ ፊልም የተገለበጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ገና ዝነኛ ያልሆነው ቦብ ዲላን በ1963 የተወነበት የቢቢሲ ድራማ በ1968 ተሰርዟል። ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ቢቢሲ ከስቱዲዮው ያስተላለፈው የዚያ ሌሊት ፕሮግራምም ጠፍቷል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አላመለጡም፤ ናሳ ከጨረቃ በቀጥታ የተቀበለው ዋናው የምስል ቴፕ ተሰርዞ ለሌላ ሥራ ሳይውል እንዳልቀረ ራሱ ናሳ በ2009 አምኗል።

አርባ ፓውንድ የወጣበት ካሴት

ነገሩን የቀየረው የቪዲዮ ካሴት ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቪዲዮ ማጫወቻ ሰው ቤት ገባ። እስከዚያ ድረስ የቴሌቪዥን ድራማ እንደ ቲያትር ነበር፤ ያመለጠው አመለጠው። አሁን ግን ሰው ድራማ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። የትናንቱ ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ሸቀጥ ሆነ።

በ1983 ቢቢሲ የድራማውን 20ኛ ዓመት ሎንግሊት በተባለ ቦታ በድግስ ሲያከብር ለመጡት አድናቂዎች «በካሴት ቢወጣ የምትፈልጉት የትኛውን ነው?» የሚል ጥያቄ አቀረበ። ብዙዎቹ «የሳይበርመን መቃብር» አሉ፤ በ1967 የተላለፈ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆኑ ፍጥረታት ከበረዶ መቃብራቸው ሲነሡ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ችግሩ ቢቢሲ ያንን ታሪክ አጥፍቶታል። አንድም ክፍል አልቀረውም። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው የመጀመሪያው ካሴት የእነዚያው ፍጥረታት ሌላ ታሪክ ሆነ፤ «የሳይበርመን በቀል»። የክፍሎቹ መግቢያና መውጫ ተቆርጦ እንደ አንድ ፊልም ተቀጣጥሎ ነው የቀረበው። ዋጋው 39 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነው። ሰው ግን ገዛው።

ማን ይፈልገዋል ለተባለው ነገር የመጣው መልስ ይህ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በአርባ ፓውንድ።

መሰረዙ የቆመው በ1978 ነው። ኢያን ሌቪን የተባለ የሙዚቃ ሰውና የድራማው አፍቃሪ የሽያጭ ክፍሉ ዘንድ ቅጂ ፈልጎ ሲሄድ የመጀመሪያው የዳሌኮች ታሪክ ፊልም ሊጣል ከተዘጋጀው ክምር ውስጥ አገኘው። ለምኖ፣ ተሟግቶ አስቆመ። በዚያው ጊዜ ቢቢሲ የፊልምና የቪዲዮ ቤተ መዛግብቱን አንድ ላይ አደረገ። ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጣል የሚለውን እንድትመርጥ የተሾመችው ሱ ማልደን ድርጅቱ ፕሮግራሞቹን እንዴት እንደሚያጣ ለማጥናት ምሳሌ አድርጋ የወሰደችው ይህንኑ ድራማ ነበር። ፍለጋው በዚህ ተጀመረ።

ከየት ተገኘ?

አሁን ታሪኩ መርማሪ ልብ ወለድ ይመስላል።

በ1983 ለንደን ውስጥ አንድ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሲጸዳ ሁለት የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። «የዳሌኮች ታላቅ ዕቅድ» ከተባለው 12 ክፍል ያለው ታሪክ 5ኛውና 10ኛው ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከቆጵሮስና ከናይጄሪያ ሌሎች ተመለሱ። በ1999 ኒው ዚላንድ ውስጥ በአንድ ፊልም ሰብሳቢ እጅ የመስቀል ጦርነትን የሚተርክ አንድ ክፍል ተገኘ።

የውጭ አገር ጣቢያዎች ጉዳይ እንዲህ ነው። ድራማውን የሚገዛ ጣቢያ ፊልሙን ካሳየ በኋላ እንዲመልስ፣ እንዲያስወግድ ወይም ቀጥሎ ለገዛው አገር እንዲያሳልፍ ይታዘዛል። አንዱ ፊልም ከአገር አገር ይዞራል። ብዙው ጣቢያ የታዘዘውን ፈጸመ። ነገር ግን አንዳንዱ ጋ ደብዳቤው ጠፋ፣ አንዳንዱ ጋ የመጋዘን ሠራተኛው ሰነፈ፣ አንዳንዱ ጋ «ይቀመጥ» ተባለ። በሌላው ጊዜ ጥፋት የሚባለው ዝርክርክነት እዚህ አዳኝ ሆነ።

በ1992 መጀመሪያ ላይ ከሆንግ ኮንግ የመጣ ዜና የካሴት ገዢውን አስፈነደቀው። «የሳይበርመን መቃብር» አራቱም ክፍሎች አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በካሴት ወጣ። በ1983 የተጠየቀው ካሴት ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው።

ትልቁ ግኝት ግን የመጣው ከአፍሪካ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የድሮ የሽያጭ መዛግብትን እየተከተለ ወደ ቀድሞ የቢቢሲ ደንበኛ አገሮች በአካል መሄድ ጀመረ። በ2011 ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ የጠጡ የፊልም ቆርቆሮዎች አገኘ። ሲከፈቱ 11 ክፍሎች ነበሩ፤ ዘጠኙ ቢቢሲ ራሱ የሌሉት። በ2013 ኦክቶበር ይፋ ሲሆን ወዲያውኑ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀረቡ፣ ቀጥሎም በዲቪዲ ወጡ።

እስቲ አስቡት። ጆስ በእነዚያ ዓመታት በግጭት የምትታመስ ከተማ ነበረች። የአውሮፓ ባለጸጋ ድርጅት፣ ለንደን መሃል፣ ሰላም ባለበት፣ በገዛ ፊርማው ያጠፋውን፣ አንድ የናይጄሪያ ጣቢያ ዕቃ ክፍል ለአሥርተ ዓመታት ይዞ አቆየው። «አፍሪካ ቅርስ መያዝ አትችልም» የሚለውን ክርክር ስትሰሙ ይህችን ጆስን አስታውሱ። እርግጥ ነው፣ ጣቢያው ቅርስ ልጠብቅ ብሎ አይደለም፤ ሳይጣል ስለቀረ ነው። ቢሆንም ለንደን ያለውም የተጣለው ታስቦበት አልነበረም።

ከዚያ ግኝት በኋላ በቢቢሲ እጅ የሌሉት 97 ክፍሎች ሆኑ፤ ከ26 ታሪኮች የጎደሉ። ከጆስ ከመጡት ሁለት ታሪኮች አንዱ፣ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ውስጥ የሚካሄደው «የፍርሃት ድር»፣ 3ኛ ክፍሉ ጎድሎ ነው የደረሰው። ሞሪስ እንደሚለው ፊልሞቹን መጀመሪያ ሲያያቸው ያ ክፍል እዚያው ነበር፤ ተጭነው እስኪወጡ ግን ጠፋ። የታወቀ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ በዚህ በኩል ይጠፋል።

ድምፅ፣ ፎቶና የሳንሱር መቀስ

ምስላቸው የጠፋው እነዚያ ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው አለ። አንድም አልጎደለም። ማን አቆየው? ልጆች።

በ1960ዎቹ ቪዲዮ መቅጃ የሌላቸው ታዳጊዎች ቴፕ ሪከርደራቸውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው፣ አንዳንዱ በማይክ፣ ጎበዙ ደግሞ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ፣ ከመጀመሪያው ዜማ እስከ መጨረሻው ይቀዱ ነበር። በሕጉ ከሄድን ይህ ያልተፈቀደ ቅጂ ነው። ከዓመታት በኋላ ቢቢሲ እነዚህኑ ቅጂዎች ተቀብሎ፣ አጽድቶ፣ ተራኪ ጨምሮበት መልሶ ሸጣቸው።

ፎቶም አለ። ጆን ኩራ የሚባል ባለሙያ ካሜራውን ቴሌቪዥን ፊት ተክሎ በየጊዜው ስክሪኑን እያነሣ ፎቶውን ለተዋንያንና ለአዘጋጆች ይሸጥ ነበር። ተዋናይ ሥራውን የሚያሳይበት ሌላ ማስረጃ አልነበረውማ። ዛሬ ምስላቸው የጠፋ ብዙ ክፍሎች ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው በእሱ ፎቶዎች ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የአውስትራሊያው ነው። እዚያ የነበረው ሳንሱር ድራማውን ለልጆች ያስፈራል ብሎ አንዳንድ ትዕይንት ቆርጦ ያወጣ ነበር። ግድያ፣ ጩኸት፣ መታነቅ። የተቆረጠችው ቁራጭ ደግሞ እንደ ማስረጃ ፋይል ተደርጋ ትቀመጣለች። በ1996 አድናቂዎች ያንን ፋይል ከአውስትራሊያ ቤተ መዛግብት አገኙት። ሙሉው ክፍል ጠፍቶ፣ ሰው እንዳያየው የተከለከለው ሰከንድ ብቻ ተረፈ። ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ሳንሱር ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ውለታ ሲውል ግን ይህ ብቸኛው ነው።

ካሴቱ ከወጣ በኋላ የገበያው ገንዘብ ለጥገና ሥራ መንገድ ከፈተ። የ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀለም ክፍሎች ብዙዎቹ በቢቢሲ የቀሩት በጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። አንድ የአሜሪካ ተመልካች በቤቱ ማሽን የቀዳው የቀለም ካሴት ተገኘ፤ ጥራቱ ግን ደካማ ነው። ባለሙያዎቹ ቀለሙን ከአሜሪካዊው ካሴት፣ ጥራቱን ከቢቢሲ ፊልም ወስደው አጋቧቸው። ኋላ ላይ ደግሞ በጥቁርና ነጩ ፊልም ላይ የቀሩ፣ በዐይን የማይለዩ ነጠብጣቦች የድሮውን ቀለም ምስጢር እንደያዙ ታወቀና በኮምፒውተር ቀለሙን ማንበብ ተቻለ። በ1999 ዲቪዲው፣ በ2018 የብሉሬይ ስብስቡ ቀጠለ። ምስላቸው የጠፉት ደግሞ ልጆች በቀዱት ድምፅ ላይ የካርቱን ሥዕል እየተሠራላቸው ወጡ፤ የትራውተን የመጀመሪያ ታሪክ በ2016 በዚህ መልክ ነው ዳግም የታየው።

በግማሽ ማስረጃ መፍረድ

ስለ ታሪክ ለምንጽፍ ሰዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ከጆስ በመጣው በሌላው ታሪክ ነው፤ «የዓለም ጠላት»። ከ1967 መጨረሻ እስከ 1968 መጀመሪያ የተላለፈ ስድስት ክፍል ነው። ትራውተን ሁለት ሰው ሆኖ ይተውናል፤ ዶክተሩንም፣ መልኩ ከዶክተሩ የማይለይ አንድ ዓለምን ለመግዛት የሚያሴር አምባገነንንም። እስከ 2013 ድረስ የነበረው 3ኛው ክፍል ብቻ ነው። ያ ክፍል ደግሞ ከስድስቱ ቀዝቀዝ ያለው ነው። ስለዚህ ለአሥርተ ዓመታት ተቺዎች ታሪኩን «አሰልቺ» እያሉ አለፉት። አምስቱ ሲገኙ ግን ፍርዱ ተገለበጠ፤ ዛሬ ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው የሚባለው።

እኛ ስለ ስንቱ ዘመንና ስለ ስንቱ ሰው በ3ኛው ክፍል ብቻ ፈርደን ይሆን?

«ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነቱን ነው፤ ቦታም ገንዘብም ያልቃል። የሱ ማልደን ሥራም መምረጥ ነበር፣ መምረጥ ደግሞ መጣልን ይጨምራል። ልዩነቱ ያለው ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ሌላ ቅጂ መኖሩን አረጋግጦ በመጣልና «እነሱ ጋ ይኖራል» ብሎ በመጣል መካከል ነው።

ደግሞ ቅጂ መኖሩ ብቻም አይበቃም። በ2023፣ በ60ኛ ዓመቱ፣ ቢቢሲ ከ800 በላይ ክፍሎችን በኢንተርኔት መመልከቻው ላይ ሲለቅ የመጀመሪያው ታሪክ፣ ያ የኬኔዲ ማግስት ምሽት፣ አልነበረበትም። ፊልሙ አለ፤ የመብት ወራሹ የሆነው የጸሐፊው ልጅ ግን አልተስማማም። ከዚህ በፊት በዲቪዲ የገዙት ሰዎች ግን መደርደሪያቸው ላይ አለላቸው። ዛሬ ፊልምም መጽሐፍም «ኢንተርኔት ላይ አለ» እያልን ለምንተኛ ሰዎች ይህች ልብ መባል አለባት። ኢንተርኔት ላይ ያለው ነገር የኛ አይደለም፤ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ የምናየው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

የአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ይህ ድራማ በተጀመረ በዓመቱ ገደማ ነው፤ በ1957 ዓ.ም.፣ ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ። አንድ የተቀረጸ ምስል አገር ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ቀምሰናል። ጆናተን ዲምብልቢ በ1973 ለእንግሊዝ ተመልካች የሠራው የወሎ ረሃብ ፊልም፣ በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው፣ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ምሽት ያየ ሰው አይረሳውም። ቅጂ ድንበር ሲሻገር መንግሥትም ይነቀንቃል፤ ማን እንደቆራረጠውና ከምን ጋር እንደቀጠለው ግን ዋናውን ካላየን አናውቅም። ቤተ መዛግብት የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማስረጃ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከቢቢሲ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ቅጂ፣ ቦታው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ግማሹ እንደጠፋ ይቆጠራል። ጠፍቶ ከተመለሰው ብዙው የተረፈው ከባለቤቱ እጅ ስለወጣ ነው፤ ወደ ናይጄሪያ፣ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ወደ አንድ ልጅ መኝታ ቤት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለማስታወስም ይሠራል።

ስለዚህ፣ እናንተ ቤት ያለውን ካሴት አትጣሉ። ከሬዲዮ የቀዳችሁት፣ የሠርግ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ የቀረ ዜና፣ የአባታችሁ ጂፓስ ውስጥ የተረሳ ቴፕ። ገልብጡት፣ ሁለት ሦስት ሰው ጋ አስቀምጡት፣ ላዩ ላይ ቀኑንና የሰውየውን ስም ጻፉበት። ሚዲያ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ «አጥፋ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ፤ ሌላ ቅጂ ማን ጋ አለ ብላችሁ ጠይቁ። «ይኖራል» መልስ አይደለም።

የእኒያን የስልክ ቤት እናት ነገር ሳልጨርስላችሁ ልሄድ ነበር። ከጣቢያው ባዶ እጄን ስመለስ ለልጃቸው እውነቱን ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። የልጅ ልጃቸው፣ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው፣ አያቷ በሬዲዮ ሲናገሩ ደስ ብሏት ስልኳን ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጣ ቀድታ ነበር። ሁለተኛውን ሳምንት ብቻ። መሃል ላይ በር ይንኳኳል፣ አንድ ሰው «ቡናው ደረሰ» ይላል፣ ከዚያ የእሳቸው ሳቅ ይሰማል። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሳቅ ይሁን፣ አጠገቡ ተቀምጠው ራሳቸውን እየሰሙ የሳቁት፣ መለየት አይቻልም።

በአርባቸው ያ ተሰማ። እኔም ነበርኩ።

የመጀመሪያውና ሦስተኛው ሳምንት ግን እስካሁን አልተገኙም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ጋ የቀዳ ካለ ይጻፍልኝ።

ቸር እንሰንብት።